የአጥንት ዋስ

ናኦሚ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ስትወጣ ጎህ ገና አልቀደደም። የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ዓመት ስላለፈው እርከኑን በእግሯ እየቆጠረች ትወርዳለች። ከታች ሚኒባስ ይዛ መገናኛ፣ ከመገናኛ ሌላ ይዛ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ከዚያ በእግሯ ቁልቁል። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲል ሜዳዋ ላይ ናት። ቦርሳዋ ውስጥ ፊሽካ፣ የመዳፍ ያህል ስፒከር፣ ሁለት ላስቲክ ውሃ እና ሽፋኑ የተላጠ ሰማያዊ ደብተር አለ። እንዲህ ስትመላለስ ሦስት ዓመት ሞላት። ታማም፣ ዝናብ ጥሎም፣ ታክሲ ጠፍቶም አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም። ይህን ከሁሉ አስቀድሞ መናገር ያስፈለገው፣ ኋላ በደብዳቤ ላይ «ሥርዓት የጎደለው እንቅስቃሴ ስታካሂድ የተገኘች» የተባለችው እሷ ስለሆነች ነው።

ሜዳዋ የሚላት ሰፈሩ ነው። ድሮ አቧራ ነበረች፤ ቆሻሻ ይደፋባታል፣ ኳስ ይንከባለልባታል። መንገዱ ሲሰፋ እሷም ደረሳት፤ ሣር ተነጠፈባት፣ መብራት ተተከለባት፣ አግዳሚ ወንበር ገባላት፣ አጥርና ጥበቃ ተደረገላት። «የሕዝብ መናፈሻ» የሚል ሰሌዳም ተሰቀለላት። ሕዝቡ አመስግኖ ገባ። ሕዝብ ማለት ማን እንደሆነ ግን ሰሌዳው አልተናገረም።

ናኦሚ የሆሳዕና ልጅ ናት። አባቷ በየገጠሩ በእግራቸው የሚዞሩ ወንጌላዊ ነበሩ። አዲስ አበባ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ መጥታ አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ባለ አንድ መጋዘን ተቀጠረች፤ ሥራዋ በብርድ ክፍል ውስጥ ወደ ውጭ የሚላክ የአበባ ካርቶን ማንሳትና መደርደር ነበር። ስምንት ዓመት አነሳች። በዘጠነኛው ወገቧ ያዛት፤ ጫማዋን ማሰር እስኪያቅታት። መርፌው አላዳናትም። ያዳናት አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወለል ላይ አስተኝታ፣ በየቀኑ ሃያ ሃያ ደቂቃ ያስተማረቻት እንቅስቃሴ ነው። ድና ስትነሳ ወደ ካርቶኑ አልተመለሰችም። ሥልጠና ገባች፣ የምስክር ወረቀት ያዘች፣ ቦሌ ባለ መስታወት በመስታወት የሆነ ጂም ተቀጠረች። እዚያ የሚመጡት ጤነኞች ናቸው፤ ሠርተው ፎቶ የሚነሱ። ጉልበቷን ይዛ የመጣች እናት ብትኖር ጂሙ አምስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ አይሠራም፤ እታች በር ላይ ቆማ አንጋጣ ትመለሳለች። ናኦሚ ይህን ሁለቴ አየች። ሦስተኛውን ሳትጠብቅ ለቀቀችና ሜዳዋ ላይ በሦስት ሰው ጀመረች። አሁን ሃያ ሦስት ናቸው። የቻለ ይከፍላል፣ ያልቻለ ይመርቃል።

ከሃያ ሦስቱ ሁለቱን ሦስቱን ማወቅ ይበቃል። ጋሽ ማሞ አሉ፤ ስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ ስኳር ያለባቸው። እትዬ አልማዝ አሉ፤ የጉልበት ሕመምተኛ ናቸው። በሕማማት ሰው ሁሉ ሲሰግድ እሳቸው የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተደግፈው ቆመው ማልቀስ ነበር ዕጣቸው። ናኦሚ ዘንድ ዓመት ተኩል ከሠሩ በኋላ፣ ዓምና የስቅለት ዕለት ስግደቱን ከጠዋት እስከ ማታ ተወጡት። ለፕሮቴስታንቷ አስተማሪያቸው በማግስቱ ጠበል አምጥተውላታል፤ እሷም ምንም ሳትል ተቀብላ ጠጥታዋለች። ሌላው አብዱልገኒ ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ የሚደርስ፣ ምላሱ ደግሞ ከሆዱ የሚቀድም።

ስለ ደብተሩም አንድ ነገር። የስም መጥሪያ ይመስላል እንጂ የጸሎት ደብተር ነው። አባቷ ቤት እንዲህ ነበር የሚደረገው፤ የሰው ስም ይጻፋል፣ ከጎኑ ችግሩ ይጻፋል፣ ማታ ተንበርክከው አንድ በአንድ ይጠሩታል። ናኦሚም ሃያ ሦስቱን ከነዕድሜያቸውና ከነችግራቸው ጽፋ ትጠራቸዋለች። ለኦርቶዶክሱም ለሙስሊሙም። ማንንም አስፈቅዳ አታውቅም፤ ለመጸለይ ማን ፈቃድ ይጠይቃል።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ሰኞ፣ ጥበቃው ቢተው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ከሰሌዳው ሥር ሌላ ሰሌዳ ተጨምሯል፦ በቡድን ስፖርት መሥራትና ማሠራት ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው። ቢተው ሃምሳ የተጠጋ፣ የጎጃም ሰው፣ ዱላውን ከመያዝ ይልቅ የሚደገፈው ዝምተኛ ነው። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ያን «ሥርዓት የጎደለው» የሚለውን ደብዳቤ አቀበላትና መታዘዙን ነገራት። ጋሽ ማሞ ለብቻዬ ብሠራስ ብለው ጠየቁት። ለብቻ ይቻላል አለ። እትዬ አልማዝስ? ለብቻ እሳቸውም ይችላሉ። «እንግዲያው ሃያ ሦስታችንም ለየብቻችን ጎን ለጎን እንሠራለን» አለ አብዱልገኒ። ቢተው መሳቅ ፈለገ፤ ግን አጥሩ ላይ የተተከለው ካሜራ ወደ በሩ ነው የዞረው።

ናኦሚ በዚያው ቀን ሜዳዋን የሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ሄደች። የተቀበላት ቡድን መሪው አቶ ኢዮስያስ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህ መታወቅ አለበት፣ ምክንያቱም በዚህ ከተማ ሰውን የሚያንገላታው ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ወንበር ሰጣት። ሲስተሙ እስኪመለስ ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያ ረጋ ባለ ድምፅ ሦስት ወረቀት አምጪ አላት፦ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ የንግድ ፈቃድ፣ እና በሥራው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የኢንሹራንስ ውል። ሰዎቹ ቢወድቁ፣ ቢሰበሩ፣ ማን ነው የሚጠየቀው አላት።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ናኦሚም ከሱ በፊት ጠይቃዋለች። ካቻምና እትዬ አልማዝ እግራቸው ታጥፎ ሲወድቁ በጀርባዋ አዝላ ታክሲ ያስገባች፣ ክሊኒክ እስከ ቀትር የተቀመጠች እሷ ናት። ኢንሹራንስ መኖር አለበት ባይ ናት። የሚያንገበግበው መጠየቋ አይደለም፤ አገር ውስጥ የማይሸጥ ዕቃ ገዝተሽ ነይ መባሏ ነው።

የሙያ ብቃቱን ይዛለች። ንግድ ፈቃዱ የሥራ አድራሻ ይፈልጋል፤ አድራሻዋ ሜዳዋ ናት። የሜዳዋን ወረቀት ጽሕፈት ቤቱ የሚሰጣት ንግድ ፈቃድ ስታመጣ ነው፤ ንግድ ፈቃዱን የሚሰጣት መስኮት ደግሞ የሜዳዋን ወረቀት ይጠይቃል። ሦስት ሳምንት በሁለቱ መስኮቶች መካከል ተመላለሰች። በመጨረሻ አብዱልገኒ የሱቁን አንድ ጥግ በውል አከራያትና የስፖርት ማሠልጠኛዋ አድራሻ መለዋወጫ ሱቅ ሆነ። «ፍሬን ሸራና ጉልበት ባንድ ጣሪያ» አለ ውሉን ሲፈርም። «ጉልበት የሚጠይቅ ደንበኛ ከመጣብኝ ግን ላንቺ ነው የምደውለው።»

ለኢንሹራንሱ ግን እንዲህ ያለ የውል ማምለጫ አልተገኘም። ሦስት ኩባንያ ዞረች። የመጀመሪያው የማሽኖቹን ዝርዝር ከነዋጋቸው አምጪ አላት፤ ማሽን የለኝም፣ ሰው ብቻ ነው ያለኝ አለችው። ሁለተኛው ግድግዳ የሌለው የሥራ ቦታ ወሰኑ የት ድረስ እንደሆነ ማወቅ ስለማይቻል አይሸፈንም አለ። ሦስተኛው ዘንድ አንዲት ልጅ አዳመጠቻት፣ ሄዳ አለቃዋን ጠየቀች፣ ተመልሳ ለራሷ ለናኦሚ የሕይወት ዋስትና ልትሸጥላት እንደምትችል ነገረቻት። ሌሎቹ ቢወድቁ አይሆንም፤ እሷ ብትሞት ግን ይቻላል።

«እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ እንዲህ ዓይነት ፖሊሲ የለንም። ጠይቆንም የሚያውቅ የለም።»

«እንደሌላችሁ በደብዳቤ ጻፉልኝና ለጽሕፈት ቤቱ ልውሰድ።»

ልጅቷ ከልቧ አዘነች። «የሌለንን ነገር የለንም ብለን ደብዳቤ አንጽፍም» አለቻት።

ይኼ ሁሉ ሲሆን ሁለት ወር አለፈ። ሁለት ወር ለወረቀት ምንም አይደለም፤ ወረቀት አይደነዝዝም፣ ወረቀት አያብጥም። ሰው ግን እንዲያ አይደለም። የጋሽ ማሞ ስኳር ወጣ፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን ጨመረባቸው። ጋሽ ማሞ ለብቻዬ እሠራለሁ ብለው ሁለት ቀን ሜዳዋ ላይ ሞክረው ነበር፤ አፈርኩ አሉ። አንድ ሽማግሌ ብቻውን ክንዱን ሲያወናጭፍ የሚያየው ሰው ምን ይላል። እትዬ አልማዝ ወደ አጥሩ ተመለሱ። ቅዳሴ የሚሰሙት በር ላይ ተቀምጠው ሆነ። ናኦሚ ስትደውልላቸው ደህና ነኝ ይላሉ፤ ግን ስልኩን ለማንሳት ስንት ጊዜ እንደሚጠራ እሷ ትቆጥራለች።

ኅዳር ሲጋመስ አቶ ኢዮስያስ ራሱ ደወለላት። መመሪያውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ አለ፤ ኢንሹራንስ ካልተገኘ በዋስ መተካት ይቻላል። ዋሱ የመንግሥት ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት፤ ደመወዙን የሚገልጽና ለሌላ ሰው ዋስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ያጽፋል፤ ተሳታፊ ቢጎዳ ካሳው ከደመወዙ ይቆረጣል። በተጨማሪም የተሳታፊዎች ስም፣ ዕድሜና ሁኔታ ተዘርዝሮ ይቅረብ።

ጋሽ ማሞ ይህን ሲሰሙ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። እኔ አለሁ አሉ። ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ያለችው ጸሐፊ መታወቂያቸውን አየችና ጡረተኛ ዋስ አይሆንም አለቻቸው። ጋሽ ማሞ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ያን ቀንም አላደረጉም።

«ልጄ፣ የዚህን ከተማ የዋስ ደብዳቤ ስመዘግብ ጸጉሬን የሸበትኩ ነኝ። ዋስ ሆኖ የከዳ ሰው ስም ዛሬም በቃሌ አለ። እንግዲህ የኔ ስም ከጡረታ ጋር አብሮ ነው የወጣው?»

ጸሐፊዋ ዓይኗን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች። ምን ታድርግ፤ መመሪያው ስለ ስም አይናገርም፣ ስለ ደመወዝ ነው የሚናገረው።

ከዚያ ሁሉም በየዘመዱ ተሰማራ። ለሥራ ቅጥር ዋስ የማይሆን ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ ሰው ለጎረቤቱ ልጅ፣ ለአገሩ ልጅ፣ አንዳንዴም ስሙን በውል ለማያውቀው ይፈርማል። ለዚህ ግን የሚፈርም ጠፋ። እትዬ አልማዝ የወንድማቸውን ልጅ ቢሮው ድረስ ሄደው ሲለምኑት፣ አክስቱን አክብሮ ሻይ አዘዘላቸው፣ ከዚያ፦ «እትዬ፣ ለሰው እጅ ዋስ እሆናለሁ፤ ቢሰርቅ ይታሰራል። ለሰው አጥንት ግን እንዴት አድርጌ ነው ዋስ የምሆነው?» አላቸው። ተናደው መጡ።

ናኦሚ ተስፋ ቆርጣ ነበር። አንድ ጠዋት ከልማድ ሜዳዋ በር ላይ ቆማ ሣሩን ስታይ ቢተው ከጥበቃ ቤቱ ወጥቶ አጠገቧ ቆመ። ዱላውን ተደግፎ፦ «እኔስ አልሆንም?» አላት።

አልገባትም።

«ቋሚ ነኝ። የመንግሥት ነኝ። ለማንም ፈርሜ አላውቅም።»

«ቢተው፣ ካንተ ደመወዝ ምን ተቆርጦ ምን ይተርፋል?»

«እሱን ለኔ ተይው። ሦስት ዓመት ከጀርባችሁ ቆሜ፣ ከጥበቃ ቤቱ ኋላ፣ ያልሽውን ሁሉ ሠርቻለሁ። ወገቤ ቀና ያለው ባንቺ ነው። ደብተርሽ ላይ አልተጻፍኩም እንጂ ተማሪሽ ነኝ።»

እንግዲህ የሆነውን ልብ በሉ። የሜዳዋ ዘበኛ፣ በሜዳዋ ጽሕፈት ቤት ፊት፣ ለሜዳዋ ተጠቃሚዎች ዋስ ሆነ። ጽሕፈት ቤቱ ስለ ራሱ ሠራተኛ ለራሱ ደብዳቤ ጻፈ፣ ራሱ ፈረመ፣ ራሱ ገቢ አድርጎ ማህተም መታ። ከሠራተኛው ሁሉ ትንሹን ደመወዝ የሚያገኘው ሰው፣ ኩባንያዎቹ በሙሉ ካፒታላቸው የፈሩትን ተሸከመ። በዚያ ቢሮ ውስጥ ይህን አይቶ ያፈረ አንድ ሰው ስለመኖሩ የተነገረ የለም።

የቀረው ዝርዝሩ ነበር። ናኦሚ የዚያን ቀን ደስታ አጣድፏታል። ስም፣ ዕድሜ፣ ሁኔታ ተብላለች፤ ስም፣ ዕድሜና ሁኔታ ደግሞ ሰማያዊው ደብተሯ ውስጥ በሥርዓት ተጽፎ ይገኛል። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታ ሁለቱን ገጽ አስገለበጠችና አስገባች። ሌላ ሰው ቢሆን አያደርገውም። ሌላ ሰው ለቢሮ የሚጻፈውንና ለእግዚአብሔር የሚጻፈውን ይለያል፤ ቢሮን የለመደ ሰው፣ ሁሉም ጤነኛ ነው ብሎ ይጽፋል። የወንጌላዊው ልጅ ግን ከልጅነቷ የተማረችው፣ ችግር የሚጻፈው ባለቤቱ እንዲረዳ እንደሆነ ነው።

ፈቃዱ በአሥር ቀን ወጣ። ባለ ቀለም ወረቀት፣ ክብ ማህተም፣ ፊርማ። ሁሉም ሜዳዋ በር ላይ ተሰብስበው ጋሽ ማሞ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት። ተራ ቁጥር አራት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀነሰ። ለተሳታፊዎች ደህንነት ሲባል፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አምስት ዓመት በላይ የሆኑ እና በአባሪው ዝርዝር ላይ ሕመም የተጠቀሰባቸው ሰዎች በእንቅስቃሴው እንዳይሳተፉ ይላል። አባሪው ከኋላ ተያይዟል፤ የናኦሚ የእጅ ጽሑፍ፣ በአብዛኛው ስም ላይ ቀይ መስመር የተሰመረበት። ከሃያ ሦስቱ አምስት ቀርተዋል። አምስቱም ወጣት የባንክ ሠራተኞች ናቸው፤ ከሥራ በፊት ላብ ለማውጣት የሚመጡ።

እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ማለት ይኼ ነው። ጤና ለጤነኛ ተፈቀደ። ጉልበት ያለው ጉልበቱን እንዲያጠነክር ማህተም ተመታለት፤ የሌለው ቤቱ ገብቶ በሥርዓት እንዲደነዝዝ ተወሰነለት።

አብዱልገኒ ወረቀቱን ከጋሽ ማሞ እጅ ወስዶ የራሱን ስም ፈለገ። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ በዕድሜ አይወድቅም። ከስሙ ጎን ግን «ቦርጭ፣ ቁጣ» ይላል፤ ቀዩ መስመር ቁጣውንም እንደ ሕመም ቆጥሮ አልፎበታል።

«ይኼ ምንድን ነው ናኦሚ?»

የጸሎት ደብተሯ መሆኑን ነገረችው። ማታ ማታ እየጠራችው እንደምትጸልይም። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀልቷል።

አብዱልገኒ ወረቀቱን ለጋሽ ማሞ መልሶ ሆዱን መታ መታ አደረገ። «መስጊድም ተጸልዮ፣ እናንተም ዘንድ ተጸልዮ ያልወረደ ቦርጭ» አለ። «ይኼስ እውነትም ማገድ ነው።» ሳቁ። እትዬ አልማዝ ብቻ አልሳቁም፤ ጉልበታቸውን በእጃቸው ይዘው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

ናኦሚንም ሳቁ አላዳናትም። ያቃጠላት መመሪያው ብቻ አልነበረም። ተንበርክካ የምትጠራውን የሰው ገመና በገዛ እጇ ገልብጣ ለመዝገብ ቤት አቀብላለች። ጋሽ ማሞ ይህን አይተው ቀስ ብለው ወደ ጎን ወሰዷት። መፍትሔ አለው አሏት፤ ወረቀት ነው፣ ወረቀት በወረቀት ይሻራል። ተሻሽሎ የቀረበ በሚል አዲስ ዝርዝር እናስገባለን፣ ዕድሜ እንቀንሳለን፣ ሕመም አንጽፍም፤ የሚያመሳክር እንደሌለ እኔ አውቃለሁ። ከሥር «ከላይ የተጠቀሱት ሁሉ ጤነኛ መሆናቸውን አረጋግጣለሁ» ብለሽ ትፈርሚያለሽ።

ፈተናው ቀላል አልነበረም። አንድ ፊርማ ነው። ሰኞ ሁሉም ሣሩ ላይ ይሆናሉ። ግን አንዱ ቢወድቅ፣ መውደቅ ደግሞ አለ፣ ውሸቱ ይወጣል፤ ካሳው የሚቆረጠው ደግሞ ከማን ነው? ከቢተው። የዋሸችው እሷ፣ የሚራቡት የቢተው ልጆች። ይህን ለጋሽ ማሞ ስትነግራቸው አልተከራከሯትም። ኮታቸውን ቆለፉና፣ እንግዲያው አብረን እንሂድ አሉ።

አቶ ኢዮስያስ ወንበር ሰጣቸው። ናኦሚ አልተቀመጠችም። ፈቃዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የቢተው የዋስ ደብዳቤ እንዲመለስላት ጠየቀች። ሰውየው ግራ ገባው፤ ሦስት ወር የለፋሽበትን አላት። ቁጥር አራት ለእነሱው ደህንነት ተብሎ የገባ መሆኑን አስረዳት። ሪስክ የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ተናገረ።

«እትዬ አልማዝ መጀመሪያ ሲመጡ አጥር ይዘው ነው የመጡት» አለች ናኦሚ። «ዓምና ሰገዱ። አሁን ተመልሰው አጥሩ ጋ ናቸው። ይኼኛውን ጉዳት የትኛው ቅጽ ላይ ነው የምጽፈው?»

አቶ ኢዮስያስ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። «የኔም እናት ስኳር አለባቸው» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «ግን እኔ ፈርሜ፣ አንድ ሰው እዚያ ሣር ላይ ቢሞት፣ ማን ያድነኛል?» አላት።

«አየህ» አለችው። እስከዚያች ደቂቃ እርስዎ ስትለው የነበረውን ሰው አንተ እንዳለችው ራሷም አላወቀችም። «የፈራኸው ሞታቸውን አይደለም። ያንተ ሜዳ ላይ መሞታቸውን ነው። ቤታቸው ቢሞቱ የሚጠይቅህ የለም።»

የሰውየው ፊት ተለወጠ፤ እጁ ግን ወደ ማህተሙ አልሄደም። የገባ ደብዳቤ ወጪ ሊደረግ አይችልም ብሎ ጀመረ። ይኼኔ ጋሽ ማሞ ተነሱ። የገባ ወረቀት የሚወጣበት መንገድ እንዳለ፣ በዋሱ ጥያቄ ውሉ እንደሚሻር፣ ማመልከቻው ባለ ሦስት ኮፒ እንደሚሆን፣ የትኛው ኮፒ የት እንደሚቀመጥ፣ መዝገቡ ላይ በምን ቀለም እንደሚጻፍ አንድ በአንድ ነገሩት። ማመልከቻውን ራሳቸው እዚያው ቆመው ጻፉት። ቢተው ከበሩ ተጠርቶ መጥቶ ሲፈርም ናኦሚን ቀና ብሎ አላያትም፤ ተከፍቷል። እኔ አልፈራሁም ነበር አላት በኮሪደሩ ላይ። እኔ ፈርቼልህ ነው አለችው።

ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ናኦሚ ሜዳዋ በር ላይ ስትደርስ ሃያ ሦስቱም ነበሩ፤ አምስቱ የባንክ ልጆች ሳይቀሩ። ወደ ውስጥ አልገቡም። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ እስከ ታችኛው አደባባይ ይዘልቃል፤ በእግር ለመሄድ ደግሞ እስከ ዛሬ ማንም ፈቃድ አልጠየቀም። ሁለት ሁለት እንዲሆኑ ነገረቻቸው። እሷ ከፊት ሆነች። ሁሉንም ማየት ስላለባት ፊቷን ወደነሱ አዙራ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ታሠራቸው ጀመር፤ አንድ እርምጃ ጉልበት ወደ ላይ፣ ሁለት እርምጃ ክንድ ወደ ጎን። እትዬ አልማዝን ከአንደኛው ረድፍ ጫፍ አድርጋቸዋለች፤ ሲደክማቸው የአጥሩን ብረት እንዲነኩ።

ሁለት መቶ ሜትር ሳይሄዱ ሁለት ደንብ አስከባሪዎች መንገድ ተሻግረው መጡ። ልጆች ናቸው። አንደኛው ሰልፍ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄው ቀልድ አልነበረም።

«መንገደኞች ነን» አሉ ጋሽ ማሞ።

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም።»

«ወዴት ነው የምትሄዱት?»

«ወደፊት ነዋ ልጄ» አሉ እትዬ አልማዝ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ወደ ኋላ የምትሄደው እሷ ብቻ ናት።»

ልጁ ናኦሚን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ጓደኛውን አየ። በደንቡ ውስጥ የሚይዘው ነገር ፈለገ። በመጨረሻ እግረኛ መንገድ ላይ መቆም እንደማይቻል ነገራቸው።

እነሱም አልቆሙም። ፀሐይ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ብቅ ስትል፣ ለማረፍ የተቃረበ አውሮፕላን በላያቸው አለፈ፤ ድምፁ ቆጠራዋን ስለዋጠባት ናኦሚ በጣቶቿ ቆጠረችላቸው። ለእሷ ዋስ የለም። ብትወድቅ የሚከፍልላት ኩባንያ የለም፣ የሚያዝንላት መመሪያ የለም፤ አብዱልገኒ ግን ከመጀመሪያው ረድፍ ሆኖ ከጀርባዋ ያለውን መንገድ ያይላታል።

«ምሰሶ» አላት።

ናኦሚ ሳትዞር ወደ ግራ ፈቀቅ አለችና ቆጠራውን ቀጠለች።